የወተት ሻጯ ጥያቄ

ስቶክሆልም ዳር ባለችው ሶልና የተከራየሁት ክፍል የሰው ነበር። ባለቤቱ ከተባበሩት መንግሥታት ጦር ጋር ወደ ኮንጎ ዘምቷል። አልጋው ከእኔ ቁመት በሁለት ስንዝር ይረዝማል፤ ግድግዳው ላይ የእግር ኳስ ቡድን ፎቶግራፍ ተሰቅሏል፤ ቁም ሣጥኑን በከፈትኩ ቁጥር የበረዶ መንሸራተቻው እግሬ ላይ ይወድቃል። እናቱ ክፍሉን ሲያሳዩኝ፣ «ልጄ ሲመለስ ትለቃለህ፤ እስኪመለስ ግን ያንተ ነው» አሉኝ። ከዚያ ትንሽ አሰቡና፣ «ቶሎ እንድትለቅልኝ እጸልያለሁ፤ እንዳትቀየመኝ» ሲሉ ጨመሩበት። ሁለታችንም ሳቅን። ውላችን ይኸው ነበር።

ጊዜው በፈረንጆቹ አቆጣጠር የስድሳዎቹ መጀመሪያ ነው። እኔ የሃያ አራት ዓመት ወጣት ነበርኩ፤ ሕግ እንዳጠና ተልኬ ስቶክሆልም ሁለተኛ ክረምቴን እየገፋሁ ነው። ያን ጊዜ መኪና የሚነዳው በግራ በኩል ነበር፤ ዛሬ ጡረታ ወጥቼ የምኖርበት ሃሉንዳም ገና የእርሻ ማሳ ነበር። አከራዬ ባለቤታቸው የሞቱባቸው፣ ከምንኖርበት ፎቅ ሥር ባለች ጠባብ ሱቅ ወተት፣ ቅቤና አይብ የሚሸጡ ሴት ናቸው። ጠዋት ከትምህርት በፊት ከባዶቹን የወተት ዕቃዎች አብሬያቸው አነሣለሁ፤ እሳቸው ደግሞ ስዊድንኛዬን ያቃኑልኛል። ከመጽሐፍ የተማርኩት ስዊድንኛ ለዳኛ እንጂ ለወተት ገዢ የሚሆን አልነበረም። አንድ ቀን አንዲትን ደንበኛ፣ «ከላይ የተጠቀሰውን ወተት ይፈልጋሉ?» ብዬ ብጠይቅ፣ አከራዬ ከሳቅ ብዛት ባንኮኒውን ተደግፈው ቀሩ።

«እሑድ ከእኔ ጋር ና» አሉኝ በዚያው ቀን። «ሰው የሚያወራውን ቋንቋ የምትሰማበት ቦታ እወስድሃለሁ። ኬክም አለ።»

ቦታው የጥናት ክበብ የሚሉት ነበር። ሰባት ስምንት ሰዎች በየሳምንቱ አንድ ክፍል ውስጥ ይሰበሰባሉ፤ አንድ መጽሐፍ ይመርጣሉ፤ እያነበቡ ይከራከራሉ። አስተማሪ የለም፤ ፈተና የለም፤ የሚያስገድዳቸውም የለም። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ፈተና ሳይኖርበት የሚያነብ ሰው ያየሁት ቤተ ክህነት ውስጥ ብቻ ነበር። መሪያቸው አርባ ዓመት ያለፈው ትራም ነጂ ነው፤ በሳምንቱ ስድስት ቀን ሕዝብ ሲያመላልስ ይሰነብትና እሑድ ከሰዓት በኋላ ከረባት አስሮ፣ እርሳሱን ቀርጾ ይመጣል። የዚያ ሰው ትልቁ ፍቅር ቃለ ጉባኤ መያዝ ነበር። አንድ ሰው ቢያስነጥስ እንኳ የሚጽፈው ይመስለኝ ነበር። ከእሱ ቀጥሎ ልብ ያልኩት ሰማንያ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸውን ጡረተኛ አምሳ አለቃ ነው። ድፍን ስኳር በጥርሳቸው ነክሰው ቡናቸውን በስኒ ማስቀመጫው ላይ ገልብጠው ፉት ይላሉ፤ ፂማቸው ሁልጊዜ ቡና ቡና ይሸታል።

በዚያ ዓመት የመረጡት የአገራቸውን መሠረታዊ ሕግ ነበር። ሕጉ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ስለሆነው፣ ይታደስ አይታደስ የሚለው ክርክር በየጋዜጣው ይጻፍ ነበር። ለእኔ ደግሞ ሠርግና ምላሽ ሆነልኝ፤ ለዩኒቨርሲቲው ስለ ሕገ መንግሥት አንድ ጽሑፍ ማቅረብ ነበረብኝና ርእስ አጥቼ ወር ሙሉ ግድግዳው ላይ ያሉትን ኳስ ተጫዋቾች ስቆጥር ከርሜያለሁ።

በሦስተኛው እሑድ ነው ነገሩ የተነሣው። ትራም ነጂው አንድ አንቀጽ አንብቦ ሲጨርስ፣ አከራዬ የሹራብ መሥሪያቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡና፣ «አንድ ነገር ልጠይቅ» አሉ። «ልጄን ኮንጎ የላከው ማነው?»

ልጃቸው ወዶ ዘማች ነበር፤ ራሱ ፈርሞ ነው የሄደው። አምሳ አለቃው ይህንኑ ቀስ ብለው አስታወሷቸው።

«እሱ ፈርሟል» አሉ አከራዬ። «እኔ አልፈረምኩም። እንዲፈርም ወረቀቱን ያዘጋጀለት ሰው ግን አለ። ጦርነት አይደለም ይሉኛል። ጦርነት ካልሆነ ጠመንጃው ለምን አስፈለገው? እስቲ መጽሐፉን ተመልከትልኝ፤ ሰውን ወደ ጦርነት የሚልከው ማነው ይላል?»

ትራም ነጂው ገጹን አገላብጦ አገኘው። ንጉሡ ጦርነት ለመጀመር ሲያስብ ሚኒስትሮቹን ሁሉ ይሰበስባል፤ ምክንያቱን ያስረዳቸዋል፤ እያንዳንዳቸው ሐሳባቸውን ይሰጣሉ፤ የሰጡትም በቃለ ጉባኤ ይጻፋል። ከዚያ በኋላ ንጉሡ ለአገር ይበጃል ያለውን ይወስናል። እዚህ ላይ አንቀጹ ያበቃል።

«ፓርላማውስ?» አሉ አከራዬ።

«እዚህ ላይ አልተጠቀሰም» አለ ትራም ነጂው አንገቱን እያከከ። «በእርግጥ በዚህ ዘመን ንጉሡ ሚኒስትሮቹ ያሉትን ነው የሚፈርሙት። ወረቀቱ ግን እንዲህ ነው የሚለው።»

ያን ጊዜ አፌ አላስቀምጥ አለኝ። ማንም ሳይጠይቀኝ፣ «በእኛ አገርስ ንጉሠ ነገሥቱ ጦርነት የሚያውጁት በፓርላማው ምክርና ስምምነት ነው» አልኩ። እውነቴን ነው፤ የተሻሻለው ሕገ መንግሥታችን ሻንጣዬ ውስጥ ነበር፤ አንቀጹንም አስታውሰዋለሁ።

አምሳ አለቃው ስኳሯን ዋጧት። «ቆይ ቆይ» አሉ። «ተማሪው የሚለን፣ በወረቀት ላይ የእኛ ንጉሥ ከኢትዮጵያው ንጉሠ ነገሥት የበለጠ ሥልጣን አላቸው ነው?»

«በወረቀት ላይ፣ አዎ።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ትራም ነጂው እንኳ እርሳሱን ጥሎ ሳቀ። እኔም አገሬን እንዳኮራሁ ደረቴን ነፋሁ። የነፋሁትን ያተነፈሱብኝ አከራዬ ናቸው። ሹራባቸውን እንደገና እያነሡ፣ በተለመደ ድምፃቸው፣ «ታዲያ ጠይቀዋቸው ያውቃሉ?» አሉ።

«ማን ማንን?»

«ንጉሡ ፓርላማውን። ሕጉ ይጠየቅ ካለ፣ አንድ ቀን ተጠይቋል ወይ?»

አላውቅም ነበር። አላውቅም አልኩ። ትራም ነጂው እርሳሱን ከወለሉ አነሣና እየጻፈ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ፦ «ኢትዮጵያዊው ተማሪ መልሱን ይዞ እንዲቀርብ ተወሰነ።» በዚያ ክበብ የተወሰነ ነገር ተወሰነ ነው። በሚቀጥለው እሑድ፣ «አጀንዳ አንድ፣ የተማሪው መልስ» ተብሎ ስነሣ አላገኘሁም አልኩ። «ለሚቀጥለው ተላለፈ» ተብሎ ተጻፈ። ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ፤ ለአገር ልጆች ስልክ ደወልኩ። አንዱ፣ «አንተ ጤና የለህም እንዴ?» ብሎ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋብኝ።

መልሱ የመጣው ካላሰብኩት ቦታ ነው። እዚያው ሶልና ባለው ትልቁ ሆስፒታል አንድ የአገራችን አዛውንት የዓይን ሞራ ሊገፈፍላቸው መጥተው ተኝተው ነበር። ስዊድንኛ የሚያውቅ ሰው ተፈልጎ አስተርጓሚ ሆንኩላቸው። ፊታውራሪ ናቸው፤ ከፓርላማችን ሁለት ቤቶች አንዱ የሆነው የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ናቸው። በእነዚያ ዓመታት ዓይኑን ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ዓይኑ ታስሮ ለብዙ ቀን ሳይነቃነቅ ይተኛ ነበርና፣ ከትምህርት ስወጣ እየሄድኩ ዳዊት አነብላቸዋለሁ። ተቆጪ ናቸው፤ ጨዋታም ያውቃሉ። ነርሷ መርፌ ይዛ ስትገባ በጫማዋ ድምፅ ያውቋትና፣ «መጣች ጦረኛዋ» ይላሉ።

አንድ ቀን ዳዊቱን ቤት ረስቼው ሄድኩ።

«ፊታውራሪ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ዛሬ በቦርሳዬ ያለው ሕገ መንግሥቱ ብቻ ነው።»

«እሱም የተጻፈ ነው፤ አንብብ» አሉ።

ከመጀመሪያው ጀምሬ አነበብኩላቸው። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው፣ አልፎ አልፎ «እህ» እያሉ ያዳምጣሉ። ስለ ጦርነት የሚናገረው አንቀጽ ላይ ስደርስ ግን እጃቸውን አነሡ።

«ድገመው።»

ደገምኩት።

«በፓርላማው ምክርና ስምምነት ይላል?»

«ይላል፣ ፊታውራሪ።»

ከዚያ የታሰረ ዓይናቸውን ወደ እኔ መልሰው፣ «ታዲያ እሱ እኮ እኔ ነኝ!» አሉ።

ሳቄን ዋጥኩት። ጊዜው ይኸው ነው ብዬም፣ «ታዲያ ፊታውራሪ፣ አንድ ቀን ተጠይቀው ያውቃሉ?» አልኳቸው።

ፊታቸው ተለዋወጠ። «ማነው የላከህ?»

«ማንም አልላከኝም። አከራዬ ናቸው የጠየቁኝ።»

«ማን ናት እሷ? ጋዜጠኛ ናት?»

«ወተት ሻጭ ናቸው።»

«ወተት ሻጭ!» አሉ። ነገሩ ስድብ ይሁን ቀልድ ለመወሰን የፈለጉ ይመስል ቃሉን ሁለት ጊዜ ደገሙት። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞሩ። «ሂድ። ነገ ዳዊቱን ይዘህ ና።»

አበላሸሁት እያልኩ ወጣሁ። በማግሥቱ ዳዊቱን ይዤ ስገባ ግን ሰላምታዬን እንኳ ሳያስጨርሱ፣ «ያቺ ሴትዮ ይህን የምትጠይቀው ልጅ ዘምቶባት ነው?» አሉ። ስለ ልጃቸው አልነገርኳቸውም ነበር። አሁን ነገርኳቸው፤ ኮንጎ መሆኑን፣ በአልጋው ላይ የምተኛው እኔ መሆኔን፣ እናቱ በየቀኑ ፖስተኛውን ከሱቃቸው ደጃፍ እንደሚጠብቁ።

ፊታውራሪ ረጅም ትንፋሽ ሳቡ። «የእህቴም ልጅ እዚያው ነው» አሉ። «የእኛም ወታደሮች ሄደው የለም? መርቄ የሸኘሁት እኔ ነኝ። እናቱ መጥታ፣ ‹አንተ ከዚያ ምክር ቤት የተቀመጥከው ለምንድነው? ልጄን ማነው የላከብኝ?› ብትለኝ፣ ተቆጥቼ መለስኳት። አሁን ደግሞ በዓለም ጫፍ ዓይኔ ታስሮ ተኝቼ፣ ወተት ሻጭ ትጠይቀኛለች። ሴቶቹ ተማክረውብኛል!» ይህን ብለው ራሳቸው ሳቁ። ጥቂት ቆይተውም፣ «ስሰናበት ውሰደኝ። እኔው እመልስላታለሁ» አሉኝ።

ፋሻው የተነሣላቸው በየካቲት ነው። ወፍራም መነጽር ተሰጣቸው፤ በሱ የመጀመሪያ ያዩት የነርሷን ፊት ነበር፤ «እንዲህ ቆንጆ መሆንሽን ባውቅ በመርፌው ባልጮህኩ» ብለው አስተረጎሙኝ። በዚያው ሳምንት እሑድ፣ ነጭ ጋቢያቸውን ከወፍራም ካፖርት በላይ ደርበው፣ በአንድ እጃቸው መቋሚያቸውን፣ በሌላው ክንዴን ጨብጠው በበረዶው ላይ ወደ ክበቡ ሄድን። «ይኼ አገር መሬቱ ራሱ ይከዳል» ይላሉ እግራቸው በተንሸራተተ ቁጥር።

እንግዳ እንደማመጣ ተናግሬ ስለነበር ሁሉም ቀድመው ተገኝተዋል። ትራም ነጂው ወደ ጎን ሳበኝና ማዕረጋቸውን ምን ብሎ እንደሚጽፍ ጠየቀኝ። በዚያ ዘመን ስዊድኖች ሰውን «አንተ» ማለት ይከብዳቸው ነበር፤ «ተማሪው ቡና ይጨመርለት?»፣ «አምሳ አለቃው ተቀምጠዋል?» እየተባለ በማዕረግ ነው የሚነጋገሩት። ፊታውራሪ ማለት በጦርነት ጊዜ ከሁሉ ፊት የሚዘምት ማለት ነው ብዬ ስተረጉም፣ አምሳ አለቃው ከመቀመጫቸው ተነሡ፤ ተረከዛቸውን አጋጭተው ሰላምታ ሰጡ። ፊታውራሪም ከሆስፒታሉ የተሰጣቸውን ኮፍያ አንሥተው አጸፋውን መለሱ።

«ፊታውራሪው ቡናቸውን በወተት ይወስዳሉ?» አሉ አከራዬ።

ስተረጉምላቸው ፊታውራሪ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እነዚህ ሰዎች ጨዋ ናቸው» አሉኝ። «ጠያቂዋ እሷ ናት?»

«እሳቸው ናቸው።»

ፊታውራሪ ቆሙ። መነጽራቸውን አስተካክለው ወደ አከራዬ ዞሩ።

«እመቤቴ፣ ጥያቄዎ ደርሶኛል። እውነቱን እነግርዎታለሁ። እኔ ስለ ጦርነት ተጠይቄ አላውቅም። ወታደሮቻችን ኮንጎ ሲሄዱ አገር ቤት ከርስቴ ላይ ነበርኩ፤ በሬዲዮ ነው የሰማሁት። ጦርነት አይደለም፣ ሰላም ማስከበር ነው ሲባል ደስ አለኝ። የእህቴን ልጅ መርቄ ሸኘሁት። ጥያቄ ግን አልጠየቅሁም። እጠየቃለሁ የሚል አንቀጽ መኖሩንም ልብ ብዬ የሰማሁት አሁን፣ ይህ ልጅ ሲያነብልኝ ነው፤ ያውም ዓይኔ ታስሮ።»

የአንድ የምክር ቤት አባል ኑዛዜ በባዕድ ቋንቋ ልናገር ነው? ፊታውራሪ በክርናቸው ጎሰሙኝ። «ተርጉም እንጂ! ምን ትፈዛለህ?»

ተረጎምኩ፤ ምንም ሳልቀንስ።

አከራዬ የሚያዝኑ ወይም የሚቆጡ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን የቡናውን ማንቆርቆሪያ አንሥተው ወደ ፊታውራሪ ሄዱ፤ ስኒያቸውን እየሞሉ፣ «እኔም የልጄን ሻንጣ ስሸክፍ ወረቀቱን አላነበብኩትም» አሉ። «ካልሲ ነበር የምቆጥረው።»

ከዚያ በኋላ ጨዋታው ደራ። ፊታውራሪ ቡናውን እንደ አምሳ አለቃው በማስቀመጫው ላይ ገልብጠው መጠጣት ሞከሩ፤ ግማሹ ጋቢያቸው ላይ ፈሰሰ። ትራም ነጂው የአገራቸውን አንቀጽ ሲያብራራላቸው፣ ፊታውራሪ አንድ ቦታ ላይ አስቆሙት። «በእኛ አገር ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ይባላል» አሉ። ተረጎምኩት። «በእናንተስ ንጉሡ ቢሳሳቱ ይከሰሳሉ?»

«አይከሰሱም» አለ ትራም ነጂው። «የሚጠየቁት ሚኒስትሮቹ ናቸው። ለዚህ ነው እያንዳንዱ የተናገረው በቃለ ጉባኤ የሚጻፈው።»

ፊታውራሪ ሳቃቸው መጣ። «እና ሰማዩን ትታችሁ መሬቱን አረሳችሁ በሉኛ!»

ይህን ስተረጉም አምሳ አለቃው ጠረጴዛውን በጡጫ እየደበደቡ ሳቁ፤ ትራም ነጂውም ቃል በቃል ጻፈው። ፊታውራሪ ግን ከሳቁ በኋላ፣ «እያንዳንዱ የተናገረው ከነስሙ?» ብለው እንደገና ጠየቁኝ። «ከነስሙ» አልኳቸው። «ይህ ከባድ ነገር ነው» አሉ።

ጸብ የተነሣው ደብዳቤው ላይ ነው። ክበቡ ስለ መሠረታዊው ሕግ መታደስ ለአካባቢው የፓርላማ ተመራጭ ደብዳቤ ሊጽፍ አስቀድሞ ወስኖ ነበር። አከራዬ ሐሳባቸውን አቀረቡ፦ ጦርነት ተባለም አልተባለም፣ ሰው ጠመንጃ ይዞ ከአገር ሲወጣ ፓርላማው ይጠየቅ፤ የተስማማውም ስሙ ይጻፍ።

«አይሆንም!» አሉ አምሳ አለቃው። ጆሯቸው ድረስ ቀሉ። «ጠላት ድንበር ሲሻገር ቆይ ስብሰባ ላይ ነን ልንለው ነው? ወታደር ማለት ቃለ ጉባኤ የሚጠብቅ ፍጡር አይደለም!»

«አምሳ አለቃው ራሳቸው ከኖርዌይ ድንበር በሕይወት የተመለሱት በስብሰባ አይደለም እንዴ?» አሉ አከራዬ።

ይህ ነገር እውነት ነበር። ኖርዌይ ከስዊድን ልትለይ በተነሣች ጊዜ አምሳ አለቃው የሃያ አንድ ዓመት ምልምል ሆነው ድንበር ላይ ሰፍረው ነበር። ስቶክሆልም ፓርላማው ተጠርቶ ሲከራከር እሳቸው ጫካ ውስጥ ዝናብ ሲወርድባቸው ይውላል። በመጨረሻ ነገሩ በንግግር አለቀና፣ አንዲት ጥይት ሳይተኩሱ ጉንፋን ይዘው ተመለሱ። «ከድንበሩ ማዶ ከነበሩት ኖርዌጂያውያን አንዱ ዛሬም ለገና ካርድ ይልክልኛል» ብለው ነግረውን ነበር። አሁን ግን እልህ ይዟቸዋል። «ያ ሌላ፣ ይህ ሌላ» ይላሉ። ትራም ነጂው የማንን ሐሳብ እንደሚጽፍ ግራ ገብቶት እርሳሱን በጥርሱ ይዞ ቀረ።

«ምን እያሉ ነው?» አሉኝ ፊታውራሪ። ስነግራቸው መቋሚያቸውን አስተካክለው ወደፊት ቀረብ አሉ፤ በአገራችን ሽማግሌ ሊያስታርቅ ሲነሣ እንደሚያደርገው።

«ለአምሳ አለቃው እንዲህ በልልኝ። ሌባ ቤቴ ቢገባ ሚስቴን አላማክርም፤ ዱላዬን አንሥቼ እነሣለሁ። እሷም ለምን አላማከርከኝም አትለኝም፤ እንዲያውም ዱላውን የምታቀብለኝ እሷ ናት። ወደ ሰው ቤት ዱላ ይዤ ልሄድ ስል ግን፣ ላስታርቅም ልማታም፣ ልጆቼን ሰብስቤ ማማከር አለብኝ። ብሞት የሚቀሩት እነሱ ናቸውና።»

ተረጎምኩ። አምሳ አለቃው ፂማቸውን ጠመዘዙ፤ ወደ ጣሪያው አዩ። በመጨረሻ፣ «ሌባው ቤት ከገባ ፓርላማው አይጠየቅም፤ ይህ ይጻፍ?» አሉ።

«ይጻፍ» አሉ አከራዬ።

«እንግዲያው ቀሪውን እቀበላለሁ።»

ትራም ነጂው ረቂቁን ሲያነብ «የታጠቀ ኃይል» ብሎ ጽፎ ነበር። አከራዬ ሰረዙት። «ጠመንጃ በል» አሉት። «ልጄ የታጠቀ ኃይል አይደለም። ጠመንጃ የያዘ ልጅ ነው።» ጠመንጃ ተባለ። ድምፅ ሲሰጥ የሁሉም እጅ ወጣ፤ የፊታውራሪም ወጣ። ትራም ነጂው አባል ያልሆነ ሰው ድምፅ እንደማይቆጠር ሊያስረዳ ሲጀምር አምሳ አለቃው ገላመጡት፤ «አንድ እንግዳም ደግፏል» ብሎ ጻፈ። ወደ ሆስፒታሉ ስንመለስ ፊታውራሪ በመንገድ ላይ፣ «በልጅነቴ ዋርካ ሥር ከተደረገ ሸንጎ ወዲህ እንዲህ ደስ ያለኝ ቀን የለም» አሉኝ።

ተመራጩ በአጭር ደብዳቤ መለሱልን፤ አመስግነው፣ ለሚመለከታቸው እንደሚያስተላልፉ ገለጹ። አከራዬ ወረቀቱን ሱቃቸው ውስጥ ባንኮኒው መስተዋት ሥር አኖሩት፤ ቅቤ ሊገዛ የመጣ ሁሉ ሳያነብ አይወጣም። ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ አዲሱ መሠረታዊ ሕግ ሲወጣ፣ አገር ስትወረር መንግሥት ወዲያው መከላከል ይችላል፤ ወታደር ወደ ውጭ ለመላክ ግን ፓርላማው መስማማት አለበት የሚል ነገር ገባበት። በእኛ ደብዳቤ ነው አልልም፤ ስንት ምሁር የደከመበት ነገር ነው። አከራዬ ግን እስከ ዕለተ ሞታቸው በእኛ ነው ይሉ ነበር፤ እኔም አንድ ቀን ተከራክሬያቸው አላውቅም።

ፊታውራሪ ወደ አገር ቤት ከተመለሱ ከጥቂት ወራት በኋላ ጻፉልኝ። የእህታቸው ልጅ በደኅና ገብቷል፤ ለሠርጉም ሽር ጉድ እየተባለ ነው። ስለ አንድ ድልድይ ምክር ቤቱ ውስጥ ተነሥተው ጠይቀዋል። «ድልድይ ነው፤ ጦርነት አይደለም። ግን ተነሣሁ» ይላል ደብዳቤው። ለወተት ሻጯም ሰላምታ ነበረበት። እኔም ጽሑፌን ስለ ሁለቱ አንቀጾች ጽፌ አስረከብኩ፤ መምህሬ አንድ ቦታ ላይ በቀይ ቀለም፣ «ምንጭህ ማነው?» ብለው ጽፈውበታል። ወተት ሻጭ ናቸው ብዬ ለመመለስ ድፍረት አጣሁ።

በጋው እንደገባ አንድ ከሰዓት በኋላ ደወል ተደወለና በሩን ከፈትኩ። ፀሐይ ያከሰለው አንድ ረጅም ጎልማሳ ሻንጣ ተሸክሞ ቆሟል። አየኝ፤ ፊቱ በራ፤ ጮክ ብሎም በአማርኛ፣ «ጤና ይስጥልኝ! እንደምን አደርክ!» አለኝ። ኮንጎ ሳለ ከእኛ ወታደሮች ነው የተማረው፤ ምሽትም ቢሆን እንደምን አደርክ ነው የሚለው። መልስ ሳልሰጠው እናቱ ከሱቁ በደረጃው ሽቅብ ሲሮጡ ሰማሁ። እጃቸው ላይ ያለውን የአይብ ቢላዋ እንደያዙ አንገቱ ላይ ተጠመጠሙ፤ እኔ ቢላዋውን ከእጃቸው ለመቀበል ስታገል ሦስታችንም ደረጃው ላይ ልንንከባለል ነበር።

ዕቃዬን በዚያኑ ቀን ጠቀለልኩ። ልጁ፣ «ቆይ፣ ወለል ላይ ልተኛልህ» ቢለኝም እሳቸው የጸለዩት ለዚህ ነውና ደስ ብሎኝ ለቀቅሁ። አምሳ አለቃው ሶለንቱና ውስጥ ከሐይቅ ዳር ባለች ቤታቸው አንድ ክፍል ሰጡኝ። በጠዋት ተነሥቶ ዓሣ ማጥመድ እንጂ ሌላ ግዴታ አልነበረብኝም። በየቅዳሜው የአከራዬ ልጅ በብስክሌት ይመጣል፤ ሦስታችን በጀልባ ወደ መሐል እንወጣለን። ስለ ኮንጎ ብዙ አያወራም ነበር። አንድ ጠዋት ብቻ፣ እናቱ ስለ ጠየቁት ጥያቄ ስነግረው፣ መንጠቆውን አውጥቶ ትሉን ቀየረና መልሶ ወረወረው።

«ማን እንደላከኝ እዚያ ሆኜ አስቤ አላውቅም» አለ። «አሁን ነው የማስበው።»

አምሳ አለቃው ከኪሳቸው ስኳር አውጥተው ለሁለታችንም አንዳንድ ሰጡን። ወዲያው የልጁ ክር ተወጠረና ሁላችንም በአንድ ጊዜ ብድግ አልን፤ ጀልባዋ ዘመመች፤ ዓሣው ሲወጣ የመዳፌን ያህል እንኳ አልነበረም። ሦስታችንም ግን እስከ ጉልበታችን ረጠብን፤ እየሳቅንም ወደ ዳር ቀዘፍን።